ጤነኛ ሰው መድኃኒት ሲውጥ ይነገረው

የትራኮማ መድኃኒት በሚታደልበት ቀን አንድ የመለኪያ ዱላ ይቆማል። ሰው በተራው እየተጠጋ ይለካል። ስንት ኪኒን እንደሚደርሰው የሚወስነው ቁመቱ ነው። የታመመውም ጤነኛውም ይውጣል።

ይህ ስህተት አይደለም። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው የዓይን በሽታ ነው። የታመመውን ብቻ ብናክም ከጎረቤቱ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 10 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ምልክቱ ከታየባቸው፣ አዚትሮማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በዓመት አንዴ ለሁሉም ይሰጣል። እኔም ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ታማሚ ሆዱን ቢቆርጠው "ልድን ነው" ብሎ ይችለዋል። ምንም ሳይሰማው የዋጠ ሰው ግን ሌሊት ሲያስመልሰው ምን ይበል? ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ የዚህ መድኃኒት የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናቸው፤ ቶሎ ያልፋሉ። ቀድሞ የሰማ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይተኛል። ያልሰማው "መረዙን" ይላል፤ በዓመቱ ልጆቹን ይደብቃል። አልፈርድበትም። "ከነገርናቸው ይፈራሉ" የሚሉ አሉ። ሰው የሚፈራው ያልጠበቀው ነገር ሲደርስበት ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የትንንሽ ልጆች ነገር ነው። ልጁ እያለቀሰ፣ እጁ ተይዞ ኪኒን አፉ ውስጥ ሲገባ ትን ሊለው ይችላል። ትንታ ደግሞ ይገድላል። ለትንንሾቹ ሽሮፕ የተዘጋጀው፣ ከ6 ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እምቢ ያለ ልጅ ይተው። እናቱ ታባብለው፤ ሲረጋጋ ይምጣ። የዕለቱ ቁጥር ባይሞላስ? አይሙላ!

አለርጂ ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰውም አለ። ብዙ አይደለም፤ ግን ጠይቆ መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ዓይን የማያየው ጉዳትም አለ፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። በአማራ ክልል በተደረገ አንድ ጥናት ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት በአፍንጫቸው ውስጥ የሳንባ ምች አምጪው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የለመደባቸው ልጆች 3.6 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 46.9 በመቶ ደረሱ። እርግጥ በየሦስት ወሩና በዓመት አንዴ አንድ አይደሉም፤ እደላው ሲቆምም ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ቢሆንም ልጁ ነገ ሳንባው ቢታመም በምን እንደሚታከም ወላጁ የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በእደላው ማግስት ቤት ለቤት ዞሮ "እንዴት አደራችሁ?" የሚል ሰው ይመደብ። ማን አስመለሰው? የማን ሰውነት አበጠ? ደብተር ይዞ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዱላው ከመቆሙ በፊት ያ ደብተር ለሕዝቡ ይነበብ።