ይድረስ ለክቡር «ዋጋ በውስጥ መስመር»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የድሬዳዋ ቤት ፈላጊዎች ከዋጋዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

ይህችን ደብዳቤ ያስጻፈችን የቅዳሜዋ ማስታወቂያዎ ናት። ሙሉ ቃሏ ይህ ነበር፦ «አስቸኳይ የሚሸጥ ቤት! ከዝራ አካባቢ። 200 ካሬ፣ ሰፊ ግቢ፣ ነፋሻማ፣ ለወንዝ ቅርብ፣ ካርታ ያለው። ዋጋ በውስጥ መስመር። ደላላ አይመለከተውም።» በውስጥ መስመር ገባን። «ዋጋው ስንት ነው?» ብንል «መጀመሪያ ቤቱን እዩት» ተባልን። ሄድን። በባጃጅ፣ በሚያዝያ፣ ቀን በ7 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ ውሻ እንኳ ከኒም ጥላ እንደማይወጣ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ባጃጁ ከዝራን አለፈ። የደቻቱን ወንዝ ተሻገረ። ከዝራ እኮ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቀጥ ቀጥ ብሎ የተሰመረው ሰፈር ነው፤ ደቻቱን ከተሻገሩ መጋላ ነዎት። መጋላ ምን ጎደለው? ስሙን ቢጽፉት ምን ነበረበት? በሩ ላይ ሦስት ሰው ይጠብቀናል፦ አንዱ ደላላ፣ ሁለተኛው የደላላው ደላላ፣ ሦስተኛው «የባለቤቱ ወንድም»። ሰፊው ግቢ ውስጥ ባጃጁ መዞር አቅቶት በኋላ ማርሽ ወጣ። ካርታ ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ተባለና በሁለት ምስክር የተፈረመ የመንደር ውል ፎቶ ኮፒ ከፌስታል ወጣ። ዋጋውን ደግመን ጠየቅን። ወንድምየው ከራስ ፀጉራችን ጀምሮ ቁልቁል አየን፤ ጫማችን ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ «እናንተ ስንት ይዛችኋል?» አለ። የያዝነውን ተናገርን። ሦስቱም ሳቁ። ደላላው «እናንተ እንኳ የምትፈልጉት ኪራይ ነው» ብሎ ባጃጁን በእጁ ጠራልን።

ይህንንም ዋጥ አድርገን ባለፍን ነበር። «ለወንዝ ቅርብ» ግን አይዋጥም። የጓሮው አጥር የቆመው ደቻቱ አፋፍ ላይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉን የሚያመጣው ላይ ደጋው ላይ የሚጥለው ዝናብ ስለሆነ እዚህ ጠብ ሳይል ውሃው ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህን የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም። አንተም ታውቃለህ። አውቀህ ነው እንደ ጌጥ የጻፍከው። ከሌላ አገር ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ግን አያውቅም፤ ልጆቹን የሚያስተኛው እዚያ ጓሮ ክፍል ነው። ቤቱ ከወንዙ ስንት ሜትር ይርቃል? መከላከያ ግንብ አለ ወይ? ውሃ ገብቶበት ያውቃል ወይ? ሦስት መስመር ነው። ሦስት መስመር ሰሰትክ!

«አንተ» አልን መሰል። ይሁን፣ ከእንግዲህ እርስዎ የለም።

«ካርታ ያለው» ማለት ምንም አለማለት ነው። በማን ስም? የድሮ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? ቀሪውን ቤቱን የገዛው ነው ይዞት የሚገባው። ባንክ በመያዣ የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው ከሆነ ስሙ አይዞርም፤ ቀብድ ከተበላ በኋላ የሚሰማ ወሬ ሊሆን አይገባም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፤ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ነው። ባል ፈርሞ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ሚስት ጅጅጋ ሆና «አልሸጥም» ስትል ማን ያስታርቃል? ያቺ የፌስታል ውልህም ብትሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ይደረግ ካለ ከ1952 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው? የስም ማዛወሪያውን ወጪ፣ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጡን ጨምሮ፣ ማን እንደሚከፍልም ጻፍ። ካልጻፍክ ጠቡ የሚነሳው ብሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

«200 ካሬ» መሬቱ ነው ቤቱ?

ከስድስት ፎቶህ አራቱ አዲስ ቀለም የተቀባው በር ነው። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን አንሳ፤ የግል ይሁን የጋራ እንይ። ሮቶውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ውሃ ያበላሸውን የኮርኒስ ጥግ አንሳ። ጠዋት በ1 ሰዓት ተኩል አንሳው፤ በቀትር የተነሳ የድሬ ግቢ ነጭ አንሶላ ነው የሚመስለው። «ነፋሻማ» ከምትል የጣሪያውን ከፍታ በሜትር ጻፍ፤ ቆርቆሮ ስር ኮርኒስ አለ ወይ? እዚህ አገር እንቅልፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ጣት አይቆርጥም፦

«ሳቢያን፣ ከአስፋልት 120 ሜትር ገባ ብሎ። የካርታ ስፋት 200 ካሬ፣ የተገነባው 95። ነባር ይዞታ፣ ካርታው በሻጮች ስም፣ ዕዳና እገዳ የለበትም። ብሎኬት፣ ሳሎን 4 በ5፣ ሦስት መኝታ፣ ኩሽና ውጭ። የግል ውሃና መብራት፣ 2000 ሊትር ሮቶ። የሳሎኑ ኮርኒስ አንድ ጥግ ያፈሳል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ። 6.4 ሚሊዮን ብር፤ ድርድር ቤቱን ካዩ በኋላ። ስም ማዛወሪያ በገዢ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት አይደውሉ፣ በርጫ ላይ ነን።»

ስለ በርጫው የምትጽፍ ከሆነ ስለ ሌላውም አምነንህ በ7 ሰዓት ፀሐይ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር (ለባጃጁ ሹፌር፣ በግማሽ ሂሳብ ለመለሰን)

ግልባጭ፦
ለ«አስቸኳይ»፣ ከአምና ጥቅምት ጀምሮ አስቸኳይ ለሆነው
ለ«ደላላ አይመለከተውም»፣ በደላላው በኩል
ለ«ተሽጧል»፣ ካለህበት ብቅ እንድትል