ስበት እንደ መብራት አይጠፋም፣ ኧረ ተዉን!

ኧረ በፈጠራችሁ አምላክ! ይቺን «ነሐሴ 6 ቀን 2018 ምድር ለ7 ሰከንድ ስበቷን ታጣለች» የምትል ቪዲዮ መላክ አቁሙ። ከቤተሰብ ግሩፕ ደረሰችኝ። ከሰፈር ግሩፕም ደረሰችኝ። የዕቁብ ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር «ዕጣው ከዚያ በፊት ይውጣ» ያለ አለ። ናሳ ውሸት ነው ብሏል። ግን ማን ሰምቶ! «እነሱ መች እውነቱን ይነግሩናል» ይባልና እንደገና ይላካል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ሰዉ ስበትን እንደ መብራት ማየቱ ነው። የሆነ ቦታ ማጥፊያ ያለው፣ በፈረቃ የሚሄድና የሚመጣ ነገር አድርጎት ቁጭ! ወገን፣ ስበት ከየትም አይላክም። ቁስ የሆነ ነገር ሁሉ ይስባል። ምድር ትስባለች። ጀበናውም ይስባል። ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን ጭንህ ላይ የሚያስደግፈው ሰውዬም ይስብሃል፤ አንተም ትስበዋለህ፣ ወደድክም ጠላህም። ምድር ስበቷን እንድታጣ ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ ውቅያኖሱ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ለ7 ሰከንድ ብን ብሎ ጠፍቶ መመለስ አለበት።

ይሄን ቡና ላይ ላስረዳ ብል አክስቴ አፋጠጠችኝ። ረከቦቱን እያየች «ሁሉም የሚስብ ከሆነ እነዚህ ስኒዎች ለምን አይጋጩም?» አለች። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ ከቪዲዮው መቶ እጅ ይሻላል። ስኒዎቹማ ይሳሳባሉ። ጉልበታቸው ግን ኢምንት ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ፣ የሚሳሳቡበት ኃይል የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት አንድ አስረኛ ገደማ ነው። የጤፍ! ታዲያ ለስኒ ምን ሊደርሰው ነው? ከረከቦቱ ጋር ያለው ሰበቃ ብቻ ባለበት ያስቀረዋል። ምድር ግን ያ ሁሉ ቁስ አንድ ላይ የተከማቸባት ናት። ስኒ ከእጅ ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

«ማን አይቶት?» ቀጠለች። ታይቷል። በፈረንጆቹ 1798 ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ በቀጭን ሽቦ አግድም ያንጠለጠለው ዘንግ ነበረው። ጫፍና ጫፉ ላይ ትናንሽ የእርሳስ ብረት ኳሶች አሰረ። ከዚያ እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ትልልቅ ኳሶች አጠገባቸው አመጣ። ትናንሾቹ ወደ ትልልቆቹ ሸርተት አሉ፣ ጥቂት ሚሊሜትር። ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ እንኳ አልገባም። የገላው ሙቀት አየሩን እንዳይረብሽበት ከውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ነው ያየው። (እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው የእኛን ግሩፕ ቢያይ ምን ይል ነበር?) ከዚያች መሸርተት ተነስቶ የምድርን እፍጋት፣ ማለትም ቁሷ ምን ያህል ታጭቆ እንዳለ፣ አሰላ፤ ዛሬ ከሚታወቀው ብዙም አልራቀም።

ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። የዚያን ዕለት የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ከግሪንላንድ፣ ከአይስላንድና ከስፔን የሚታይ ነው፤ ለእኛ አይደርሰንም። ጨረቃና ፀሐይ በአንድ ወገን ሆነው መሳባቸው ደግሞ ምን ብርቅ አለው? ጨረቃ በተወለደች ቁጥር ይሆናል። የባሕሩ ውሃ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አለቀ። በዚህ የተነሳ እስከዛሬ ከአልጋው ተነስቶ ጣሪያ የነካ አለ?

አንዲት ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቷቸውን በገመድ ማሰር ይሻል እንደሆነ በቁም ነገር ጠይቀውኛል። ምን ልበላቸው? ቪዲዮውን የለቀቀው ሰውዬ በእያንዳንዱ እይታ ዶላሩን ይለቅማል። እኔ ደግሞ በገዛ ካርዴ ዳታ ሞልቼ፣ ድምፅ እየቀዳሁ ለዘመድ አዝማድ አስረዳለሁ።