ሳህኑም የሚበላበት አገር

«ስኳር አለብኝ» የሚል ቃል ከአፉ ያመለጠው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን አይበላም። እጁ እንጀራው ጋ ሳይደርስ የሰው ዓይን ቀድሞት ይደርሳል። «ይሄ ይፈቀድልሃል እንዴ?» ይለዋል አንዱ፣ ሁለተኛ ለስላሳውን እየከፈተ።

ምክር በነፃ ነው። ጎረቤቷ ሽፈራው አፍልተህ ጠጣ ትላለች። የእድሩ ጸሐፊ ጥቁር አዝሙድ በባዶ ሆድ ይላል። የታክሲ ረዳት ሳይቀር ስለ ግራዋ ያውቃል። የግራዋው ፍልስፍና ቀላል ነው፤ መራራ ጣፋጭን ይገድላል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር መራራ ሲመጣበት ደንግጦ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ማርስ? «ንጹሕ ከሆነ ምንም አያደርግም፣ የተፈጥሮ ነው።» ከ100 ግራም ማር 80 ግራም ያህሉ ስኳር መሆኑን ንቧ ለማንም አልተናገረችም። በዚሁ ሒሳብ ጠጅ ማር ነው፣ ቢራ ገብስ ነው፣ አረቄ ደግሞ ስኳር ያቃጥላል። ስለዚህ ከሰፈሩ ሁሉ ጤነኛው አምሽቶ እየተደገፈ የሚገባው ሰውዬ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነን የባለሙያው ምክር ነበር። እሱም አለ፣ በወረቀት። ወረቀቱ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ኦትሚል፣ ብሮኮሊ፣ ብራውን ራይስ፣ ሳልመን ይላል። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ነርሷን ጠሯት አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሳልመን ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው አባቴ።»

«የዝዋይ ነው የጣና?»

«ኧረ የውጭ ነው።»

«እሱ እስኪመጣ እኔ ምን ልብላ?»

ከወረቀቱ ጀርባ ሥዕል አለ። ክብ ሳህን ነው። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ። ሠዓሊው ጥፋት የለበትም። እሱ ዘንድ ሳህን ተበልቶበት ይታጠባል። እኛ ዘንድ ሳህኑ ራሱ እንጀራ ነው። ወጡ ሲያልቅ ሳህኑ ይቀጥላል። እንዲያውም ምሳ የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው፤ ወጡን የጠጣው የመሀሉ። ሐኪሙ «ስንት እንጀራ ይበላሉ?» ሲል «አንድ» የሚለው ሰው አልዋሸም። ተጠቅልሎ ከጎን የቀረበለትን ቆጥሯል። ከሥር የተነጠፈውን እንጀራ ብሎ አያውቅም።

ደግሞ ሩቡን ከየት እንቁረጠው? ትሪውን አራት ሰው ከቦታል። በኔ በኩል ያለቀ እንደሆነ እናቴ ከሷ በኩል ትገፋልኛለች። መግፋት ብቻ ቢሆን ጥሩ። ጉርሻ አለ። ጉርሻ በግራም አይለካም፤ በፍቅር መጠን ይጠቀለላል፣ ፍቅሩ ደግሞ ከአፍ ይተልቃል። «በቃኝ፣ ስኳር አለብኝ» ቢሉ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ይመጣል። ሰው አፈር ልሁን እያለ ሲለምንህ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ገብቶ ስኳር የሚሆነውን፣ ቁጠር የሚል መመሪያ እስካሁን አልታተመም።

ስለ ጤፍ የተናገረ ሰው ደግሞ ጠላት ያፈራል። «ፈረንጅ እንኳን ሱፐር ፉድ ብሎታል! ግሉተን የለውም!» እውነት ነው፣ የለውም። ግሉተን ግን የስንዴ ፕሮቲን ነው፤ ከስኳር ጋር ዘመዳሞች አይደሉም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። አይረኑንም፣ አሠሩንም፣ ክብሩንም አልነካሁበትም።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ሐኪሙ «እንቁላል ጨምር፣ ዳቦ ቀንስ» ያለው ሰው ዐቢይ ጾም ላይ እንቁላሉን ይተውና ከፓስታ፣ ከድንች፣ ከሽሮና ከአምባሻ ጋር 55 ቀን ይከርማል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ግን የንስሐ አባቱን ሄዶ የሚጠይቅ ማን ነው? የሐኪሙን ትእዛዝ አንድ ሳምንት ያልጠበቀ ሰው ጾሙን አንድ ቀን አያፈርሳትም።

እንዲህ ስል የሐኪም ምክር የሚጠራጠረውን ብቻ ልቀጣ አይደለም። የምክሩ ታሪክ ራሱ ያስጠረጥራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒዮሪ የሚባል የፓሪስ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች ብዙ ስኳር ብሉ ይል ነበር፤ በሽንት የወጣውን ለመተካት! በ20ኛው መግቢያ ላይ ጀርመናዊው ፎን ኖርደን በአጃ ብቻ ሊያክማቸው ሞከረ። አሜሪካዊው አለን ደግሞ ጨርሶ አስራባቸው። እሱስ አማራጭ አልነበረውም፤ ስኳርን የሚያወርደው መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ በሰው ላይ የተሞከረው በ1922 ነው። ከዚያ በ1992 የአሜሪካ መንግሥት ምን ያህል ይበላ የሚል የምግብ ፒራሚድ ለሕዝቡ ሣለ። ከሥር ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ፣ በቀን ከ6 እስከ 11 ድርሻ። በ2011 ፒራሚዱን ትተው ሳህን ሣሉ። በ2019 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ባወጣው ሰነድ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልኬት የለም፣ ስኳርን በማውረድ በኩል የተሻለ ማስረጃ ያለው ግን ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ነው አለ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ሐሳብ መቀያየሩም እንደዚያው።)

ይህን የሰማ ሕመምተኛ ምን ይላል? «እነሱም አያውቁትም ማለት ነው» ይልና አምባሻውን ይቆርሳል። የመጨረሻዋን «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» የምትለዋን አልሰማትም። ጥርጣሬው ሁልጊዜ ወደሚጣፍጠው በኩል ያደላል። ዕድሜውን ሲማር የኖረውን ሐኪም ያላመነ ሰው፣ ቲክቶክ ላይ ዱቄት በብልቃጥ ይዞ «ከስኳር ተገላገሉ» የሚለውን ያምነዋል። በዚያ ዱቄት ተማምኖ ኢንሱሊኑን የሚተው ሰው ሲገጥመኝ ግን ሳቁ ይጠፋብኛል። ያ ሞት ነው።

የማያዳላ ምስክር የጣት መውጊያዋ መሣሪያ ነበረች። በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢለኩ ያ እንጀራ እርስዎን ምን እንዳደረገ ከማንም በላይ ትነግርዎታለች፤ የጎረቤትን አይደለም፣ የርስዎን። ችግሩ ደሙ የሚንጠባጠብባት መለኪያ ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ውድ ነው። ስለዚህ ሰው የሚለካው ጥሩ ቁጥር እንደሚመጣ እርግጠኛ በሆነበት ቀን ብቻ ነው። ሠርግ ውሎ የተለካ ሰው አላየሁም።

ቀጠሮ ሲደርስ ሁሉም ጻድቅ ይሆናል። ሦስት ቀን ጎመን ነው፣ ንጋት ላይ እርምጃ ነው። በባዶ ሆድ የተሰጠው ደም 118 ይላል። ፊቱ ይበራል። ከዚያ ያለፉትን ሦስት ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት፣ ይመጣል። 9.4፤ ከፍ ብሏል። ቀይ የደም ሴል ሦስት አራት ወር ይኖራል፣ ያየውንም አይረሳም። ፋሲካውን፣ ክርስትናውን፣ የአክስቱን ልጅ ምርቃት አንድ በአንድ መዝግቧል።

«ምን በልተው ነው?»

«እኔ እንጃ ዶክተር፣ መለኪያችሁን አስፈትሹት።»

ይወጣል። ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለችው ምግብ ቤት ደንበኞቿን ታውቃለች፣ ሁሉም በባዶ ሆድ የወጡ ናቸው። ይቀመጣል።

«ፍርፍር በእንጀራ» ይላል። «ሻዩን ግን ያለ ስኳር አድርጊልኝ እህቴ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።»