ጎንደርን በጀርባቸው ላዩ ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

ታሪካዊ ከተማ መጎብኘት ድሮ አድካሚ ነበር። ሰው ግንብ ፊት ይቆማል። ቀና ብሎ ያያል። ይጠይቃል። አንዳንዱማ ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዓመት በላይ ቆየ። አገሩ ተመልሶ ስለ ጉዞው አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ምስኪን! ስልክ ቢኖረው ከሰዓት በኋላ ይጨርሰው ነበር።

የዘመናችን የቡድን ጎብኚዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግለውናል። ፊት ለስልክ፣ ጀርባ ለታሪክ! በዚህ ዘዴ ጎንደርን የሚያህል ከተማ በአንድ ቀን ይዳረሳል። እንዲያውም ቀኑ ይተርፋል። እነሱን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ከጠዋቱ እንጀምር። ፕሮግራሙ ላይ «መነሻ 1፡30» ይላል። ይህ ከአልጋ መነሻ መሆኑን ከአስጎብኚው በቀር ሁሉም ያውቃል። ኮስተሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አንዷ ፀጉሯን ትጨርሳለች። አንዱ ቻርጀር ረስቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የቀሩት ሆቴሉ በር ላይ ፎቶ ይነሳሉ፤ ጣት ማሟሻ መሆኑ ነው። ማንም አይቆጣም። ለምን ይቆጣል? አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሯት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ከተማ ሁለት ሰዓት ብትጠብቅ ምንም አትሆንም።

ኮስተሩ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሷል። ጀርባው ላይ የጉዞው ስምና የአስተባባሪው ስልክ ቁጥር ታትሟል። ይህ አርቆ አሳቢነት ነው። ግንቡ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ጀርባቸውን ስለሆነ፣ ማን እንደመጣበት አንብቦ ይወቅ እንጂ!

ፋሲል ግቢ በር ላይ አስጎብኚው ይቀበላቸዋል። አንጀት የሚበላ ልጅ ነው። ታሪክ ተምሯል፤ ጉሮሮውን ጠርጓል፤ ውሃ ይዟል። ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ በድንኳን ይዘዋወሩ እንደነበር ብሎ ይጀምራል። አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው በኋላ እዚህ መርጋታቸውን ይናገራል። ከሳቸው ቀጥለው የነገሡትም የየራሳቸውን ግንብ እየጨመሩ ግቢውን እንደሞሉት ያስረዳል። ዙሪያውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ነው ይላል። «በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ» ብሎ ዞር ሲል ግን ከአጠገቡ የቆሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ይሉኝታ ይዟት ነው። ሌላው ጫማው ጠቦት ነው።

የቀሩት ሥራ ላይ ናቸው። የቡድን ፎቶ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «ሁላችንም እንግባ!» ተብሎ ይጮሃል። ሁለት ሰው ይጎድላል። እነሱ ተፈልገው ሲመጡ ሌሎች ሁለት ይጠፋሉ። እንደምንም ተሟልቶ አንድ ፎቶ ይነሳል። ዋናው ሥራ የሚጀመረው ያኔ ነው። «በእኔም ስልክ!» ሰላሳ ሰው ሰላሳ ስልክ አለው። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ ፈገግታ ሰላሳ ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል። «አንዱን በቴሌግራም መላላክ አይቻልም?» የሚል ሞኝ አይጠፋም። ይቻላል። ግን ያ ስንፍና ነው። አንሺው ማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል፤ ታሪክ የተማረው ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ጫማዬም ይግባ። ግንቡ ቢቆረጥ ችግር የለውም።»

በየቡድኑ ደግሞ አንድ ሊቅ አለ። ኮስተሩ ውስጥ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይቷል። «ይሄን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ይላል፣ የአስጎብኚውን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። ልጁ በትሕትና ያስረዳል። አፄ ፋሲል ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡትን ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከአገር ያስወጡት ከተማዋን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። በግንቦቹ አሠራር ላይ የሕንድም የዓረብም አሻራ ይታያል፤ ሚስዮናውያኑ ያመጡት ጥበብም ገብቶበታል። ሁሉም ተዋህዶ የራሱ የጎንደር አሠራር ወጥቶታል። ሊቁ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ሲያበቃ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «እንዲህ በሉ ተብለው ነው» ይላል። ዕውቀት እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ወደ ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ግንብ ስንሄድ ሰውን የሚያስደስተው ሌላ ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት በተደረገው ውጊያም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ አሳርፈውበታል። ጎብኚዋ ገና ስትገባ «ውይ፣ ብርሃኑ እንዴት ያምራል!» ትላለች። ለካ አውሮፕላኖቹ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለዚህ ኖሯል።

የአንበሳ ቤትም አለ። ዛሬ አንበሳ የለበትም። ጎብኚው ግን ባዶ ቦታ አይወድም። ፍርግርጉን ጨብጦ ያገሳል፤ ጓደኛው ይቀርጸዋል። ከጠዋት ጀምሮ አስጎብኚው ከልቡ ፈገግ ያለው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ጀርባ ሰጥቶ መሄድ ብቻ የማይበቃቸው ለጋሶችም አሉ። እነዚህ ለቅርሱ የራሳቸውን አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። በቁልፍ ጫፍ ግድግዳው ላይ «እከሌ እና እከሊት ለዘላለም» ብለው ይጽፋሉ። ልብ ይስላሉ። ቀን ያኖሩበታል። አፄ ፋሲል እንኳ በገዛ ግንባቸው ላይ እንዲህ በቁልፍ አልሞነጫጨሩም። የሚረሱ አልመሰላቸው ይሆናል። አንዳንዱ ጋ «እከሊት» ተፍቃ በላዩዋ ሌላ ስም ገብቷል። (ለወደፊት ተመራማሪዎች ጥሩ ሰነድ ነው፤ ዘለዓለም ስንት ወር እንደነበረ ያውቁበታል።)

ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። መጀመሪያ ያሠሩት ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን መለሰው ይባላል። ጣሪያው ላይ ረድፍ በረድፍ የመላእክት ፊት ተስሏል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ቁልቁል ያያሉ። ጎብኚውም አያፍርም፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ በፊት ካሜራው ራሱን ያያል። መላእክቱ ከጆሮው በላይ እንዲገቡ ጥረት ያደርጋል።

ጥበቃው «በፍላሽ አይቻልም፤ ሥዕሉን ይጎዳል» ይላሉ። «አባባ፣ አንዴ ብቻ» ይላል የመጀመሪያው። «አባባ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች ሁለተኛዋ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው ያበራው። ሰላሳ ሰው አንዴ አንዴ ሲያበራ ግን ጣሪያው ሥር መብረቅ የወረደ ይመስላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን እያሹ በሩ ጋ ይቀመጣሉ። ንቦቹ ስለ ፍላሽ የነገራቸው የለም መሰለኝ።

አሁን ምሳ። እዚህ ላይ ቡድኑን ማየት ነው! ጠዋት ሁለት ሰዓት ያረፈደው ሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ጀርባውን የሚሰጥ የለም። ሁሉም ፊቱን ወደ ትሪው አዙሯል። ጥያቄም ይዘንባል። ክትፎው ለብ ለብ ነው? ዓይቡ የት ሄደ? በርበሬው የየት ነው? አስተናጋጇ ስትመልስ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። ልጁ ከጥግ ሆኖ በቅናት ያያታል።

ቁስቋም ይቀራል። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማዋ ወጣ ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። «መሽቷል» ይባላል። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው።

የፋሲል መዋኛ ግን አይቀርም፤ ጥምቀት ሲደርስ ሁሉም በቴሌቪዥን ያየው ቦታ ነው። ደርሰው ያዝናሉ። ውሃ የለውም! ገንዳው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እንደሚሞላ ልጁ ያስረዳል። «ታዲያ ለእኛ ትንሽ አትለቁልንም?» የሚል አለ። እየቀለደ አይደለም፤ ለቪዲዮው ፈልጎት ነው። በውሃው ተስፋ ሲቆርጡ ዛፎቹ ላይ ይዘምታሉ። የዛፎቹ ሥር እንደ ሽማግሌ ጣት አጥሩን ጨብጦታል። ሥሩ አጥሩን ይዟል። እነሱ ሥሩን ይዘዋል። ልጁ ስልካቸውን ይዟል።

ለልጁ የሚሰጥ ገንዘብ ሊዋጣ ሲል ቴሌብር እምቢ ይላል። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲጭን የዋለው ኔትወርክ እዚያች ደቂቃ ላይ ይጠፋል። «ቁጥርህን ያዝን፣ ማታ እንልካለን።» ልጁ ያምናል፤ ወይም ያመነ ይመስላል።

ኮስተሩ ሊነሳ ሲል አንዱ በመስኮት ብቅ ይላል።

«ወንድሜ፣ ያ ትልቁ ግንብ የማን ነበር ያልከን? ለፖስት ነው።»

«የአፄ ፋሲል።»

«ፋሲል... እንደ ክለቡ?»

ልጁ ጉሮሮው ደርቋል። ውሃውም ካለቀ ቆይቷል።

«አዎ» ይላል። «ክለቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ በረኛ ነበሩ።»

ኮስተሩ ፒያሳ ሳይደርስ ፖስቱ ወጣ። ከሥሩ የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፈው ሊቁ ነው፦ «ትክክል። አሠልጣኙ ግን ፖርቱጋላዊ ነበር።»