ለመሆኑ ፊቱ የማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የፊልም ውይይት ላይ ታድሜ ነበር። በፊልም ዳኝነት ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው መድረኩን ይዘው የሚሠሩበትን የመመዘኛ ቅጽ አብራሩልን፦ ለትወና 30፣ ለታሪክ 40፣ ለምስል 30። በዚህ አሠራር የዳኛው የግል ስሜት ቦታ የለውም አሉ። ለማስረጃም ኦስካርን ጠሩ። ሽልማቱን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ መራጮች በአንድ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ሳያዩ በመጨረሻው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወስኗል፤ ከ98ኛው ሥነ ሥርዓት ጀምሮ ለተዋናይ ምርጫ፣ ከ100ኛው ጀምሮ ደግሞ ለስታንት (ለአደገኛ ትዕይንቶች) ሥራ ራሱን የቻለ ሽልማት ጨምሯል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ፊልምን እየነጣጠለ ወደ መመዘን ሄዷል ማለታቸው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ።

ፊልሙን ሳያዩ መፍረድ ክልክል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2025 በደንብ መጻፍ ማስፈለጉ በበኩሌ የሚያሳፍር እንጂ የሚያስጨበጭብ አይደለም። ሽልማቱ የተጀመረው በ1929 ነው! ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሐውልት ባልታየ ፊልም ስም ተሰጥቶ ይሆን? ይሁን፣ እሱን ልለፈው።

የማላልፈው «ስሜት ቦታ የለውም» የሚለውን ነው። አንድ ዳኛ ለትወናው 24 ሰጠ እንበል። ለምን 22 አልሆነም? ለምን 27 አልሆነም? በየትኛው ሜትር ተለክቶ ነው? ሰውየው ፊልሙን አየ፣ አንድ ነገር ተሰማው፣ የተሰማውን በቁጥር ጻፈው፤ ሌላ ምንም አልተደረገም። «አልተዋጠልኝም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምክንያቱን በተጠየቀ ነበር። 22 ብሎ ሲጽፍ ግን ማንም አይጠይቀውም። ቅጹ ስሜትን ከዳኝነት አላስወጣም፤ ከጥያቄ የሚደበቅበት ጓዳ ሠራለት እንጂ።

ከዚህም የከፋው ክፍፍሉ ራሱ ነው። ይህን ቅጽ ያዘጋጀ ሰው አንድ ፊልም ኤዲት ሲደረግ፣ ማለትም የተቀረጸው እየተቆረጠ ሲቀጣጠል፣ ለግማሽ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም ብዬ እወራረዳለሁ።

ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ ዳይሬክተር ያደረገውን እናስታውስ። ኢቫን ሞዡኪን የተባለ ዝነኛ ተዋናይ፣ ይህ ነው የሚባል ስሜት የማይነበብበት ፊቱ በቅርበት የተቀረጸበት ፊልም ነበር። ኩሌሾቭ ያንኑ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተጋደመች ሴት፣ አንዴ ደግሞ ከምትጫወት ሕፃን ጋር አጣመረው። አብሮት የነበረው ፑዶቭኪን እንደተረከው ተመልካቹ በትወናው ተደነቀ፤ በሾርባው ፊት ትካዜውን፣ በሬሳዋ ፊት ሐዘኑን፣ በልጅቷ ፊት ፈገግታውን አደነቀለት። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር።

እስቲ ይህን በዚያ ቅጽ ላይ ሙሉልኝ። ለትወና ከ30 ስንት? ተዋናዩ ምንም አላደረገም። ለምስል ስንት? አንድ ሳህን፣ አንድ ሣጥን፣ አንዲት ልጅ ነው። ለታሪክስ? የተጻፈ ታሪክ አልነበረም። የሦስቱም ነጥብ ዜሮ ነው፤ ተመልካቹ ግን ልቡ ተነክቷል። እንግዲህ ያ ስሜት ከየትኛው ሳጥን ወጣ?

የዚያ ሙከራ ቅጂ ጠፍቷል፣ የምናውቀው በወሬ ነው የሚሉ አሉ። ይጥፋ! ዝነኛው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ በ1964 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ያንኑ ነገር በራሱ ፊት ደግሞ አሳይቶታል። አንድ ሽማግሌ ይመለከታል፣ ከዚያ ፈገግ ይላል። በመካከሉ ልጇን የታቀፈች እናት ስትገባ ሽማግሌው ሩኅሩኅ አባት ነው። እናቲቱ ወጥታ በዋና ልብስ ያለች ወጣት ስትተካ ያው ፈገግታ የባለጌ ፈገግታ ይሆናል። የሰውየው ጠባይ በሁለት ሰከንድ ተለወጠ፤ ሰውየው ግን ከንፈሩን እንኳ በተለየ መንገድ አላንቀሳቀሰም። ለዚህ ነው «ትወናው ግሩም ነበር፣ ፊልሙ ግን ደካማ» የሚል ሐያሲ ሳነብ ገጹን የምዘጋው። ያየኸው ትወና የማን እንደሆነ በምን አወቅህ? ተዋናዩ በስድስተኛው ቀረጻ ሲያፈጥጥ፣ በዘጠነኛው ዝም ሲል፣ በሦስተኛው በስሕተት ራሱን ሲያዞር፣ ከሦስቱ አንድ ሐዘን የሠራው ኤዲተሩ ነው። አንተ ግን ነጥቡን ለፊቱ ሰጠኸው።

ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ያስያዘው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ፊት ሰው ያስለቅሳል። ሰውየው ከዚያ በኋላ በተዋናይነት ልኑር ቢል ትናንሽ ሚና እንጂ ሌላ አላገኘም። ትወናው የራሱ ንብረት ቢሆን ኖሮ ይዞት በሄደ ነበር። አልተከተለውም፤ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ቀረ።

ታሪኩስ፣ እሱ ቢያንስ በጽሑፍ ያለ አይደለም ወይ? አይደለም። የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የውዲ አለን «አኒ ሆል» ሲቀረጽ የተበታተነ ነገር ነበር። ከዚያ ክምር ውስጥ የፍቅሩን ታሪክ ፈልቅቆ ያወጣው ኤዲተሩ ራልፍ ሮዘንብሉም ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጦ ነው። ፊልሙ በ1978 የምርጥ ፊልም ኦስካር አገኘ፤ የድርሰቱም ሽልማት ለሁለቱ ጸሐፊዎች ተሰጠ። በኤዲቲንግ ዘርፍ ግን ጭራሽ አልታጨም። ኦስካርን በማስረጃነት ለጠሩልን ሰው ይህን ቢያስታውሱልኝ እወዳለሁ።

ይኸው አካዳሚ በ2022 ከቀጥታ ሥርጭቱ በፊት ሰጥቶ ከጨረሳቸው ስምንት ሽልማቶች አንዱ የኤዲቲንግ ነበር። ከ1981 እስከ 2013 በወጡት ፊልሞች መካከል በኤዲቲንግ ሳይታጭ የምርጥ ፊልም ሽልማትን ያገኘ አንድም የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ! መራጮቹ ሳያውቁት እጃቸው ወደዚያው ይሄዳል፤ ሰዓት ለመቆጠብ ሲሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስወጡት እሱኑ ነው። በ2014 ሰንሰለቱን የበጠሰው «በርድማን» ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ የሚመስል ፊልም ነው። ቁርጡ ስለተደበቀ ዳኞቹ የለም ብለው አሰቡ ማለት ነው።

ስለ ምስል ብዙ አልልም። «ምስሉ ያምራል» የሚለው አስተያየት ብቻውን ከስድብ አይሻልም። የሚያምር የፀሐይ መጥለቅ የትም ይገኛል። ጥያቄው ካሜራው ለምን እዚያ ቆመ፣ ለምን ያን ሰው ከጀርባው አሳየን የሚለው ነው፤ ይህን ስትጠይቅ ደግሞ ስለ ትወናና ስለ ታሪክ እያወራህ ነው።

ለተማሪ ሦስቱን ነጥሎ ማስተማር እንደሚያስፈልግ አልክድም። ፍርድ ግን ሌላ ነው። ግጥምን ቤት ለመምታቱ 30፣ ለሐሳቡ 40 እያለ የሚያርም ሰው ግጥም ገብቶታል የሚል አለ? እኔ ፊልም ስገመግም ታሪኩ የተጠመዘዘበትን አንድ ቦታ እይዛለሁ። ከዚያ ቁርጥ በፊት ስለዚህ ሰው ምን አውቅ ነበር? ከቁርጡ በኋላስ? ያወቅኩትን በንግግር ነገሩኝ ወይስ ራሴ እንድደርስበት አደረጉኝ? መልሱን በሦስት አንቀጽ እጽፋለሁ፤ የተሳሳትኩ እንደሆነ ማንም በስሜ ጠርቶ ሊሞግተኝ ይችላል። 22 ከ30ን ማን ይሞግታል?

ዝነኛው የፊልም ኤዲተር ዎልተር መርችም ለቁርጥ መመዘኛ ብሎ በመቶኛ አስቀምጧል የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አስቀምጧል፤ ቁጥሮቹን በከፊል በቀልድ እንዳስቀመጣቸውም ራሱ ተናግሯል። ታሪክን 23፣ ምትን 10 እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከሁሉ በላይ፣ የቀሩት አምስቱ ተደምረው እንኳ እንዳይደርሱበት 51 የሰጠው ግን ለስሜት ነው።

ውይይቱ ሲያበቃ ወደ ሰውየው ቀርቤ ይህ 51 በቅጽዎ ላይ የት ይጻፋል አልኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው ግርጌው ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አሳዩኝ። ነጥብ አለው ወይ ስላቸው የለውም አሉኝ።