የመላኪያ ሂሳብ፦ ወጪ ወይስ ትርፍ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ በኢንተርኔት ጨረታ ሻጭ ለመላኪያና ለማሸጊያ ካወጣው ትክክለኛ ወጪ በላይ ማስከፈሉ ፍትሐዊ አይደለም። ሐሳቡን የሚደግፉት አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የሚኖሩ፣ ቴምብር የሚሰበስቡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ በዚያው ከተማ ያገለገሉ ሬዲዮኖችንና ካሜራዎችን በቴሌግራም እያጫረቱ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው።

ደጋፊው፦

ነገሩን የተረዳሁት ከፖስታው ላይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፈረንሳይ አገር ታትመው ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ሦስቱን፣ ውጭ አገር በምትኖረው ልጄ አማካይነት፣ በአንድ የጨረታ ገጽ ላይ ተጫርቼ አሸነፍሁ። ሻጩ አንድ ሰው ነበር፤ ጨረታዎቹም የተዘጉት በአንድ ምሽት ነው። ሆኖም የመላኪያና የማሸጊያ ክፍያ ለእያንዳንዱ ቴምብር ለየብቻ፣ ሦስት ጊዜ ተጠየቅሁ። ልጄ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው ግን አንድ ፖስታ ሲሆን፣ ሦስቱም ቴምብሮች በአንድ ቁራጭ ካርቶን ተደግፈው በውስጡ ተቀምጠዋል። በፖስታው ላይ የተለጠፈው የመላኪያ ዋጋ፣ ሦስት ጊዜ ከከፈልሁት የአንዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ሌላ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የቴምብር ዋጋ ሲያነብ ለኖረ ሰው ግን ማስረጃው ፊት ለፊት ተለጥፎ ነው የመጣው።

የአንድ ሻጭ ስስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለክርክር አላቀርበውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ቤት ለብዙ ዓመታት ከሻጭ ኮሚሽን ይወስድ የነበረው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ እንጂ ከመላኪያው ላይ አልነበረም። ኮሚሽኑ ከመቶ ዐሥር ነው እንበል። በ500 ብር የተሸጠና 100 ብር መላኪያ የተከፈለበት ዕቃ ለጨረታው ቤት 50 ብር ያስገኛል፤ ያው ዕቃ በ1 ብር ተሸጦ መላኪያው 599 ብር ነው ቢባል ግን ኮሚሽኑ 10 ሳንቲም ብቻ ይሆናል፤ ገዢው ግን በሁለቱም 600 ብር ከፍሏል። በዚህ መንገድ የመላኪያ ሂሳብ ከኮሚሽን መሸሸጊያ ሆነ። ኢቤይ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 አጋማሽ ጀምሮ ኮሚሽኑን በመላኪያውም ላይ ማስላቱ ቀዳዳው ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይመሰክራል።

ጉዳቱ በጨረታው ቤት ላይ ብቻ አይደለም። ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የሙዚቃ ሲዲዎችንና ኤክስቦክስ የተባለውን መሣሪያ የቪዲዮ ጨዋታዎች በኢቤይ ላይ አጫርተው ነበር። መነሻ ዋጋው 4 ዶላር ሆኖ መላኪያው በነጻ ከቀረበው ይልቅ፣ መነሻው 1 ሳንቲም ሆኖ መላኪያው 3 ዶላር ከ99 የተደረገው ብዙ ተጫራች ስቦ የበለጠ ገንዘብ አስገኘ። የሁለቱ ድምር እኩል እያለ የሰው ዓይን መነሻው ላይ አርፎ ቀረ ማለት ነው።

ተቃዋሚዋ፦

መምህር፣ ስለ ሦስቱ ቴምብሮች አልከራከርዎትም። ከፖስታው ላይ የሚነበበው ግን የፖስታ ቤቱ ድርሻ ብቻ ነው፤ የሻጩ ድካም አይነበብም።

አንድ የድሮ ሬዲዮ ወደ ሐዋሳ በምልክበት ጊዜ የማደርገውን ልንገርዎ። የጣቢያ መፈለጊያው መስታወት እንዳይሰበር በስፖንጅ እሸፍነዋለሁ፤ ማዞሪያዎቹን ነቅዬ ለብቻ እጠቀልላለሁ፤ ከዚያ በሁለት ካርቶን፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጌ፣ በፕላስተር አሽገዋለሁ። (ድሮ ካርቶን ከሱቅ በነጻ እንለምን ነበር፤ አሁን እሱም ይሸጣል።) ባጃጅ ኮንትራት ይዤ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ለጫኝ እከፍላለሁ፤ ከረዳቱ ጋር ተደራድሬ ስልክ ቁጥር እለዋወጣለሁ፤ አውቶቡሱ እስኪወጣም ቆሜ እጠብቃለሁ። ሱቄ ለግማሽ ቀን ተዘግቶ ይውላል። ታዲያ «ትክክለኛ ወጪ» የሚሉት ለረዳቱ የሰጠሁትን ብቻ ነው ወይስ የተዘጋውንም ሱቅ ይጨምራል?

መላኪያውን ዋጋው ውስጥ አስገብተው «በነጻ እንልካለን» የሚሉትንም ለፍትሕ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። አዳማ ውስጥ ያለው ደንበኛዬ በእግሩ መጥቶ ዕቃውን ይወስዳል። መላኪያውን በዋጋው ውስጥ ብሸሽገው ይህ ሰው የድሬዳዋውን ገዢ መጓጓዣ ይከፍላል።

የጠቀሱት ጥናትም ሙሉው ሲነበብ ለእኔም ያግዛል። ድምሩ 8 ዶላር ሆኖ ከዚያ ውስጥ መላኪያው 6 ዶላር በተደረገ ጊዜ፣ በሲዲዎቹ ላይ ያ ትርፍ ጠፍቷል። ገዢው መላኪያው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲተያይ በዛ ብሎ ካሰበ ይቆጥራል፣ ይቀንሳል። ክፍያው ከጨረታው በፊት በግልጽ ተጽፎ ሳለ የተጫረተ ሰው አልተታለለም። ኮሚሽኑ በመላኪያው ላይም መሰላቱ ደግሞ የቅኑን ሻጭ እጅ ጠመዘዘ፤ ለፖስታ ቤት የሚከፍለውን 100 ብር እንዳለ ለማግኘት ከ100 በላይ መጠየቅ ግድ ሆነበት። በእርስዎ ሚዛን ይህም ሰው በዳይ ሊባል ነው።

ደጋፊው፦

እህቴ፣ ድካምዎ ዋጋ የለውም አላልሁም። ነገር ግን መስታወቱን በስፖንጅ እንደሚሸፍኑና ሱቁን እንደሚዘጉ ጨረታውን ከመክፈትዎ በፊት ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቦታው መነሻ ዋጋው ነው። በእግሩ የሚመጣውም ቢሆን ስፖንጁን ባይፈልግ የሱቁን ኪራይ ይጋራል። በመላኪያ ስም የሚጠየቅ ገንዘብ ወደ መላኪያ መሄድ አለበት፤ ስሙን የሰጠው ሻጩ ራሱ ነውና።

ከሁሉ የሚከፋው ዕቃ ሲመለስ ነው። ብዙ ሻጭ የዕቃውን ዋጋ መልሶ መላኪያውን ያስቀራል። ቅድም ባልሁት ምሳሌ 600 ብር የከፈለ ሰው 1 ብር ተመልሶለት ይሸኛል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ በርቀት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ እመልሳለሁ ላለ ሸማች ነጋዴው የመጀመሪያውን መላኪያም ጭምር እንዲመልስ የደነገገው ለዚህ ይመስለኛል።

ተቃዋሚዋ፦

መመሪያው ነጋዴን እንጂ ከቤቱ የተረፈውን ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብን አያስገድድም፤ የሚያስመልሰውም መደበኛውን መላኪያ እንጂ ገዢው ፈጣን ይሁንልኝ ብሎ የጨመረውን አይደለም። ዕቃውን መልሶ የመላኪያውንም ወጪ ቢሆን፣ ነጋዴው እከፍላለሁ ካላለ በቀር፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ሐሳቡን የቀየረው ገዢ ነው። ለ1 ብሩና ለ599ኙ ሻጭ ግን እኔም ጠበቃ አልቆምሁለትም፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያጭበረብረው በቁጥር ነው፤ ለክፍያው ሌላ ስም ቢሰጡት ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል።

የእርስዎ ደንብ እዚህ አገር የሚወድቀው በደረሰኝ ነው። ለፖስታ ቤት የከፈለ ሰው ደረሰኝ ያሳያል፤ ለአውቶቡስ ረዳት፣ ለባጃጅና ለጫኝ የከፈለች ግን ምን ታሳያለች? ወጪዬን ማረጋገጥ ስላልቻልሁ ብቻ በዳይ ልባል አይገባም።

ደጋፊው፦

ደረሰኝ አልጠይቅዎትም። ወደ ሐዋሳ ይህን ያህል፣ ወደ ድሬዳዋ ይህን ያህል ብለው ከመነሻ ዋጋው ጎን ይጻፉ፤ ሁለት ዕቃ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ለሁለተኛው ስንት እንደሚቀነስለት አብረው ያሳውቁ።

ተቃዋሚዋ፦

የከተሞቹን ዋጋ ዛሬም እጽፋለሁ። ለሁለተኛው ዕቃ የሚቀነሰውን እስከ አሁን የምናገረው ለጠየቀኝ ብቻ ነበር፤ ከሚቀጥለው ጨረታ ጀምሮ እጽፈዋለሁ። ከመላኪያው ውስጥ ለድካሜ ስንት እንደያዝሁ ግን አልጽፍም፤ በመነሻ ዋጋው ውስጥ ስንት እንደማተርፍ ማንም እንደማይጠይቀኝ ሁሉ።