ከኮምፓሱ አጠገብ ማግኔት አትለጥፉብን

በጣና ላይ ጀልባ ለምንነዳ ሰዎች የዘወትር ራስ ምታት የሆነ፣ ነገር ግን ከወደቡ ሰው አብዛኛው ከቁም ነገር የማይቆጥረው አንድ ጉዳይ አለ። ነፍስ ለማዳን ተብለው የሚገዙት ትናንሽ መብራቶች፣ ማለትም በሕይወት አድን ጃኬት ላይ የሚታሰሩት፣ በግንባር የሚጠለቁት፣ ጀርባቸው ማግኔት ሆኖ ብረት ላይ የሚለጠፉት፣ ሁሉም ተሰብስበው የሚቀመጡት ኮምፓሱ አጠገብ ነው። ኮምፓሱም ወዲያውኑ ሰሜንን ትቶ ወደ ማግኔቱ ያደላል። ይህን በቃል ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ሰሚ ስላጣሁ ዛሬ በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ።

ጀልባ ላይ ስወጣ የማገኘው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከፊት መስተዋቱ ብረት ላይ መካኒኮች በመኪና ሆድ ሥር የሚለጥፉት ዓይነት ባለ ማግኔት ባትሪ ተለጥፏል፤ ከሥሩ በማግኔት የሚይዝ የስልክ ማስቀመጫ አለ፤ ከጎኑ ለተሳፋሪ መዝሙር የሚከፈትበት ስፒከር ተቀምጧል፤ ኮምፓሱ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው። ሁሉንም አንሥቼ ወደ ኋላ እወስዳለሁ፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ይጠብቀኛል። ረዳቱን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ጨለማ ሆኖብን እኮ ነው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ ሌላ የሚሰቅልበት ቦታ ማንም አላዘጋጀለትም። ባለንብረቱ ግን «ስልክ እያለ ኮምፓስ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ይመልስልኛል። አንጀቴን የሚያበግነው ይኼኛው ነው።

የኮምፓስ መርፌ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በዙሪያው ያለውን የማግኔት ኃይል ብቻ ነው፤ ያ ኃይል ከምድር ይምጣ ከባትሪ ለይቶ አያውቅም። እዚህ ጣና ላይ መርፌውን ወደ ሰሜን የሚጎትተው የምድር አግዳሚ ኃይል 35 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአገራችን ስለሚያልፍ መርፌው በእኛ ዘንድ ወደ ታች ሳያዘነብል ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ወደ ሰሜን የሚጎትተው ኃይልም ለንደን ላይ ካለው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ለኮምፓስ ከዚህ የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን የዚህን ኃይል አንድ ስድስተኛ የሚያህል ብቻ ከጎን ቢመጣበት መርፌው 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታህል ጠንካራ ማግኔት በቂ ናት። እንዲህ ያለች ማግኔት ከኮምፓሱ 50 ሳንቲሜትር ስትርቅ መርፌውን የምታዛባው በ1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ 25 ሳንቲሜትር ስትጠጋ ግን ስሕተቱ ወደ 8 ዲግሪ ያድጋል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የማግኔቱ ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናልና። በ10 ሳንቲሜትር ላይ ተለጥፋ ከተገኘች ኮምፓሱ ከነጭራሹ ኮምፓስ መሆኑ ይቀራል። የእኛ ባትሪዎች ደግሞ የሚለጠፉት በስንዝር ርቀት ነው።

ማግኔት ባይኖረውም እንኳ ነጻ የማይሆን መብራት አለ። የባትሪው ድንጋይ ሽፋን ብረት ስለሆነ መርፌውን ሊያውክ ይችላል። ሽቦም እንዲሁ ነው፤ 1 አምፔር የሚያልፍበት ነጠላ ሽቦ በ10 ሳንቲሜትር ላይ 2 ማይክሮቴስላ ያመነጫል፤ ይህም መርፌውን 3 ዲግሪ ያህል ለማዞር ይበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሽቦ እርስ በርስ መግመድ ብቻ፤ ያን ጊዜ የአንዱን ኃይል ሌላው ያጠፋዋል። ከኮምፓሱ ሥር የመብራት መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ የሚያሳዝነው «ግመደው» ብሎ የሚያዝዘው አለመኖሩ ነው።

«10 ዲግሪ ምን አላት?» ለሚሉኝ ሰዎች ሐሳቡን በጣና ላይ ልዘርጋው። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውኃ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ያለው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ርቀት 10 ዲግሪ የሳተ ጀልባ መድረስ ከነበረበት ቦታ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ደቅ የጣና ትልቋ ደሴት ናት፤ ቢሆንም በሌሊት፣ በዝናብ መካከል፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት አትታይም፤ ነጂው ደሴቷን በጎን አልፏት ወደ ገላጣው ውኃ ይሄዳል። ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ካዘነበለ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ይጠብቀዋል፤ የሞተሩን ፕሮፔለር ከጠመጠመው በጨለማ ማን ይፈታዋል? ለሐምሌ ሥላሴ ደቅ ላይ ወዳለችው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምእመን ቅዳሴው እንዳያመልጠው በሌሊት ይነሣል፤ ወሩ ደመናና ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ ዳርቻውም ኮከቡም የማይታይበት ሌሊት አለ። እንዲህ ባለው ሌሊት ከነጂው እጅ ያለው ኮምፓሱ ነው። በላዩ ደግሞ መብራት ለጥፈንበታል።

የባሰው ነገር ስሕተቱ ራሱን አለማሳወቁ ነው። ሞተር ሲበላሽ ይጮኻል፣ ጀልባ ሲያፈስ እግር ይረጥባል፤ የተሳሳተ ኮምፓስ ግን ረግቶ፣ አምሮ፣ እርግጠኛ መስሎ ነው የሚቆመው። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ይህን ዓይነቱን ነው። በዚያ ላይ ስሕተቱ በሁሉም አቅጣጫ አንድ አይደለም። ማግኔቱ ከመርፌው ጋር በአንድ መስመር ሲውል መርፌውን ስለማያዞረው ነጂው ኮምፓሱ ደኅና ነው ብሎ ያምናል፤ ጀልባዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስትዞር ግን ያው ማግኔት ከጎን ይመጣና መርፌውን ያስታል። ስለዚህ ከወደብ ሲወጡ ልክ የነበረ ኮምፓስ ከታጠፉ በኋላ ልክ ላይሆን ይችላል፤ «ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው ምስክርነትም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ስልክ መያዝ መልካም ነው፤ እኔም እይዛለሁ፤ የያዝነውን ቦታ በሳተላይት ማሳየቱንም አልክድም። ነገር ግን ካርታውን አስቀድሞ ያላወረደ ሰው ኔትወርክ በሌለበት ውኃ ላይ የሚያየው ነጥብ እንጂ ካርታ አይደለም። ሳተላይቱ ወዴት እያመራን እንደሆነ የሚነግረን ስንንቀሳቀስ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ማዕበል ሲያሽከረክረን አፍንጫችን ወዴት እንደዞረ ከእርሱ አናውቅም። ያን ጊዜ አቅጣጫ የሚያሳየው በስልኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ማግኔት መለኪያ ነው፤ እርሱም ልክ እንደ መርፌው በማግኔት ይታወካል። ስልኩን በማግኔት ማስቀመጫ ላይ ለጥፎ የስልኩን ኮምፓስ አምናለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ኮምፓሶች በአንድ እጅ አበላሽቷል። ዝናብ የመታው፣ ቻርጅ የጨረሰ ስልክ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮምፓስ ድንጋይ አይጠይቅም፣ ቻርጅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በዙሪያው ማግኔት እንዳይቀመጥበት ብቻ ነው።

ማንም ሰው መብራት ይጥፋ አላልሁም፤ እንዲያውም ያለ መብራት በሌሊት ተሳፋሪ መጫን ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። በጨለማ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ከማዕበል በላይ የሚታየው ራሱ ብቻ ነው፤ መብራት ከሌለው በጥቂት ሜትሮች ርቀት ሳይታይ ይቀራል። በዓለም አቀፍ መርከቦች የሕይወት አድን ጃኬት መብራት ቢያንስ 0.75 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) ብርሃን እንዲኖረውና ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲያበራ የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ሸራ ጀልባ የሚነዱ የባሕር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሸራው ነፋስ በሞላበት ጊዜ ሰው ቢወድቅ ጀልባዋን አዙሮ እስኪመለሱ የወደቀው ሰው ርቆ ይቀራልና፣ በሌሊት የሚጠብቅ ሁሉ መብራቱን በራሱ ላይ ይዞ ይቆማል። መሪ የያዘው ሰው ግን ደረቱ ከኮምፓሱ በክንድ ርቀት ውስጥ ነው። ደረቱ ላይ ያለው መብራት በማግኔት የሚዘጋ ወይም በማግኔት የሚያያዝ ከሆነ፣ ወደ ኮምፓሱ ጎንበስ ባለ ቁጥር መርፌውን ይጎትተዋል፤ ቀና ሲል ይለቀዋል። በማግኔት ቻርጅ የሚደረግ የግንባር ባትሪም እንዲሁ ነው፤ አቅጣጫውን ለማንበብ ግንባሩን ሲያስጠጋ የሚያነበው የራሱን ባትሪ ነው። በዚያ ላይ ነጭ ብርሃኑ ዓይንን ያሳውራል፤ ዓይን ጨለማን እንደገና ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈልጋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ማቲው ፍሊንደርስ የመርከብ ብረት ኮምፓስን እንደሚያስት ያጠናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤይሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1838 «ሬይንቦው» በተባለች የብረት መርከብ ላይ የኮምፓሱን ስሕተት ለክቶ አርሞታል። ዛሬም ለመርከብ የሚሠሩ መሣሪያዎች ከኮምፓስ ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው በሜትር ይጻፍባቸዋል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ባትሪ ግን ለጋራዥ የተሠራ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ስለ ኮምፓስ አንዲት ቃል የለችም። በገበያ አንዱን ሻጭ «ማግኔት የሌለው አለህ?» ብዬ ብጠይቀው ማግኔት ያለው ይሻላል ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። በእርሱ አልፈርድም፤ የሚጠይቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም። የምፈርደው ስለ ሕይወት አድን ጃኬት ሥልጠና በሰጡን ጊዜ ስለ ኮምፓስ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ባቃታቸው ላይ ነው።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ጀልባዋ በወደብ ታስራ ሳለ መብራቱን ከሩቅ ጀምራችሁ ወደ ኮምፓሱ አስጠጉት፤ መርፌው መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። በርቶም ጠፍቶም ሞክሩት፤ በሁሉም ጎኑ አገላብጣችሁ ሞክሩት፤ ከዚያም ጀልባዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራችሁ ድገሙት። ከምልክቱ ወዲህ መብራት፣ ስፒከር፣ ስልክ፣ መፍቻ፣ የብረት ቁልፍ እንዳይገባ ለረዳቶቻችሁ ንገሯቸው። በቀን ብርሃን ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ክብራን ገብርኤል ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ኮምፓሱ የሚያሳየውን ቁጥር መዝግቡ፤ መብራቶቹን በየቦታቸው ሰቅላችሁ ያንኑ መንገድ ስትሄዱ ቁጥሩ ከተለወጠ የትኛው መብራት እንደሆነ አንድ በአንድ እያነሣችሁ ለዩት።

ባለንብረቶች፣ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ለረዳቱ መብራት የሚሰቅልበት ማንጠልጠያ ከመሪው ራቅ አድርጋችሁ ከኋላ አሠሩለት፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ለነጂው በገመድ ወይም በተለጣፊ ጨርቅ የሚታሰር፣ ማግኔት የሌለው መብራት ግዙለት፤ ከደረቱ ይልቅ ከትከሻው በስተኋላ ይሰረው። ስፒከሩን ወደ ተሳፋሪው ውሰዱት፤ መዝሙሩን የሚሰማው እርሱ ነው። ሻጮችም ማግኔት የሌላቸውን ባትሪዎች ለብቻ ለይታችሁ አስቀምጡልን፤ ሐምሌ ሳይገባ መጥተን እንገዛለን።